«ተያዝኩ» ስንል እንግሊዝኛው ምን ይሰማል?

(በአሜሪካ በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታልና በኢሚግሬሽን ቢሮ ለሚያስተረጉሙና ለመጀመር ለሚዘጋጁ ወገኖች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣችሁ ወግ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አንድ ጥገኝነት ጠያቂ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፊት ተቀምጦ «ከሰልፉ ስመለስ መንገድ ላይ ተያዝኩ» ይላል። አማርኛው ምንም እንከን የለበትም። ማን እንደያዘው አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም፣ ለአገሩ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። «ተያዝኩ» ማለቱም አጥፍቻለሁ ማለት አይደለም። ሌባም ይያዛል፣ ንጹሑም ይያዛል፣ አፈሳ ሲመጣ ዳቦ ሊገዛ የወጣውም ይያዛል። አስተርጓሚው ግን ቶሎ ብሎ «አይ ጎት ኮውት» ቢል፣ መኮንኑ የሚሰማው የሌላ ሰው ታሪክ ነው። በእንግሊዝኛ «ኮውት» ተከታይ ሳይኖረው ብቻውን ሲቆም፣ ሲያጠፋ የተደረሰበት ሰው ቃል ነው። ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ፣ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ እንዲህ ይላል። ሰውዬው የደረሰበትን በደል እየተናገረ ሳለ፣ በእኛ አፍ ጥፋቱን ያመነ ሆኖ ይመዘገባል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከባድ የሕግ ቃል ሲመጣ ሁላችንም እንጠነቀቃለን፣ መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። የምንሳሳተው ቀላል በሚመስሉት ላይ ነው። ያዘ፣ ተያዘ፣ ተጠመደ፣ ተጠላለፈ፣ መውጫ አጣ የሚሉትን ቀኑን ሙሉ ስለምንናገራቸው አናስብባቸውም። እንግሊዝኛ ግን ለእነዚህ ብዙ ቃላት አሉት፤ እያንዳንዱም ሰውዬው መንቀሳቀስ አለመቻሉን ብቻ ሳይሆን በማን ምክንያት እንደሆነም አብሮ ይናገራል። ጥፋተኛው ማን ነው? ሌላ ሰው ነው? ራሱ ነው? ወይስ ማንም አይደለም? ቃሉን ስንመርጥ ሳናውቀው ለዚህ ጥያቄ መልስ እየሰጠን ነው።

ለዚያ ጥገኝነት ጠያቂ «አይ ዋዝ አሬስትድ» ወይም «ዘይ ቱክ ሚ» የሚለው ይቀርባል፤ የትኛው እንደሆነ ከአነጋገሩ ይታወቃል። ካልታወቀ ምን እንደሚደረግ ኋላ እመለስበታለሁ። ደግሞ «ኮውት» ሁልጊዜ ክፉ ነው እንዳትሉኝ። «ኢን» ሲከተለው ጥፋቱ ከሰውዬው ላይ ይነሣል። «ኮውት ኢን ዘ ሬይን» ልክ እንደ እኛው «ዝናብ ያዘኝ» ነው። «ኮውት ኢን ዘ ክሮስፋየር» ሲባልም በሁለት ወገን ተኩስ መሐል የተገኘ ምስኪን ማለት ነው። የአብርሃምን በግ አስታውሱ። በቅዳሴም በትርጓሜም «ዕፀ ሳቤቅ» ሲባል የሰማነው ያ ዛፍ፣ ስሙ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ እዚያ የተጠላለፈ ቁጥቋጦ ማለት ነው። የግሪኩ ተርጓሚዎች ቃሉን ሳይፈቱ እንዳለ አስገቡት፣ የእኛም አባቶች እንዲሁ ተቀበሉት። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ በጉን «ኮውት ኢን ኤ ቲኬት» ይለዋል፣ ማለትም ቁጥቋጦ የያዘው። በጉ ምንም አላጠፋም፤ ያጠመደውም አዳኝ የለም።

አዳኝ አለ ወይስ የለም የሚለውን አንድ ትክክለኛ ምሳሌ ላይ ቆመን እንየው። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በተለይ በሜይን፣ ዓሣ አጥማጆች ሎብስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የሚይዙት ከሽቦ በተሠራ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ከባሕሩ ወለል ይቀመጣል፤ ከሣጥኑ የሚነሣው ገመድ ደግሞ ውኃውን ሰንጥቆ ወጥቶ ላይ ከሚንሳፈፍ ምልክት ጋር ይታሰራል። ሣጥኑ «ትራፕ» ይባላል። ሎብስተሩ ማጥመጃውን ምግብ ብሎ ይገባል፣ መውጫው ይጠፋዋል። «ትራፕድ» ነው። በዚያው ውኃ ደግሞ ራይት ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ያልፋል፤ በሰሜን አትላንቲክ የቀሩት ከ400 ያነሱ ናቸው። ነባሪው ሲዋኝ ገመዱ አፉ ውስጥ ይገባል ወይም ጅራቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ለመላቀቅ በታገለ ቁጥር ይጠብቅበታል። ለእሱ የሚባለው «ኢንታንግልድ» ነው። የመንግሥት ሪፖርቶችም ይህንኑ ቃል ነው የሚጠቀሙት፤ ነባሪዎቹን ከሚገድሏቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ገመዱ አንድ፣ አጥማጁም አንድ፣ ሁለቱም እንስሳት አልወጡም። ልዩነቱ ሎብስተሩ የተፈለገ መሆኑ ነው። ነባሪውን ግን ማንም አልፈለገውም።

«ትራፕ»ም ሆነ «ስኔር» አዳኝ አላቸው። በእኛም ወጥመድና አሽክላ ያለ አጥማጅ አይታሰቡም። ፈሪሳውያን ጌታን በነገር ሊያጠምዱት ተማከሩ ሲል የአማርኛው ወንጌል፣ ሆን ብለው መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። አስገራሚው ነገር የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም እዚያ ላይ «ኢንታንግል» ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን ቃሉ ሆን ብሎ ማጥመድንም ይችል ነበር። ዛሬ ግን «ታንግል» እና «ኢንታንግል» ወደ ክሩ አድልተዋል። ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይመስል፣ ማን እንዳጠላለፈው አይታወቅም፣ የሚታወቀው በችኮላ በጎተቱት ቁጥር መባሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፍርድ ቤት። አንድ ተከሳሽ «ፖሊሶቹ ወጥመድ ዘረጉብኝ» ይላል። እዚህ ላይ ምላሳችን ላይ የሚመጣው «ኢንትራፕመንት» ነው፤ ጠበቃ ሲናገረው ሰምተነዋላ። አትበሉት። «ኢንትራፕመንት» በአሜሪካ ሕግ የራሱ መለኪያ ያለው የመከላከያ ክርክር ነው። የመንግሥት ሰው ወንጀል የመሥራት አሳብ ያልነበረውን ሰው ወትውቶና አባብሎ ሲያሠራው ነው የሚባለው። ዕድሉን አመቻችቶ መጠበቅ ብቻውን አይበቃም። ዕፅ ገዢ መስሎ የቀረበ ፖሊስ፣ ሻጩ ያለማንገራገር ከሸጠለት፣ ተከሳሹ የፈለገውን ያህል ወጥመድ ነው ቢል በሕግ ዓይን ኢንትራፕመንት አይሆንም።

መሠረቱን ማወቅ ይጠቅማል። የዓመቶቹን ቁጥር ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው። በ1930፣ መጠጥ በአሜሪካ በተከለከለበት ዘመን፣ አንድ የቁጥጥር ወኪል በሰሜን ካሮላይና አገር ጎብኚ መስሎ ሶሬልስ ወደሚባል ሰው ቤት ሄደ። መጠጥ ጠየቀው፣ ሶሬልስ የለኝም አለ። ወኪሉ ጨዋታ ቀጠለ። ሁለቱም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በአንድ ክፍለ ጦር ዘምተው ኖሯል፣ የጦር ሜዳ ትዝታ ተነሣ። እንደገና ጠየቀው፣ አሁንም እምቢ ተባለ። ደጋግሞ ሲለምነው ግን ሶሬልስ ወጥቶ ግማሽ ጋሎን ውስኪ ይዞ ተመለሰ፣ 5 ዶላር ተቀበለ፣ ተከሰሰም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1932 ተከሳሹ የኢንትራፕመንት ክርክሩን ለጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ለሚፈርዱት ሰዎች፣ ማቅረብ ይገባው ነበር ብሎ ወሰነለት። ልብ በሉ፣ ውሳኔው የቆመው በዚያ ልመናና በዚያ የጓደኝነት ጨዋታ ላይ ነው። የእኛ ተከሳሽ «ወጥመድ» ሲል ይህ ሁሉ ታሪክ በውስጡ አለ? ላይኖር ይችላል። «ዘ ፖሊስ ሴት ኤ ትራፕ ፎር ሚ» ብላችሁ የተናገረውን ብቻ አስተላልፉ። የሕጉን ስም መስጠት የጠበቃው ሥራ ነው። እኛ ከሰጠነው ለሰውዬው ያልተናገረውን ክርክር አስገባንለት፤ ዐቃቤ ሕጉም በዚያው ቃል ሲያፋጥጠው መልስ ያጣል።

ይኸው ቃል ክፍል ሲቀይር ደግሞ ትርጉሙም ይቀየራል። በመኪና አደጋ ሬዲዮ ላይ «ኢንትራፕመንት» ከተባለ ሰው በብረቱ ውስጥ ተቀርቅሮ መውጣት አልቻለም ማለት ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መቁረጫ ይዘው ይመጣሉ። እሱን የማውጣቱ ሥራ «ኤክስትሪኬሽን» ይባላል። በሆስፒታል ደግሞ ሐኪሙ «ነርቭ ኢንትራፕመንት» ይላል። ብዙ ጊዜ የእጅ አንጓ ላይ ያለው ነርቭ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ሲጫን፣ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት የሚደነዝዙበት ሕመም ነው። ለታካሚው «ነርቭህ ወጥመድ ውስጥ ገብቷል» ብሎ ማስደንገጥ አያስፈልግም፤ «ነርቭህ ተጭኖበታል» ብትሉት ይገባዋል። ፖሊስ የለ፣ አጥማጅ የለ። ጠዋት ፍርድ ቤት፣ ከሰዓት ሆስፒታል የምትውሉ ሰዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ የጠዋቱ ትርጉም ይከተላችኋል።

ከፍርድ ቤቱ ሳንወጣ አንድ ሌላ ከባድ ነገር አለ። በሰው ቤት ተቀጥራ ፓስፖርቷ የተወሰደባት፣ ደመወዟ የተከለከለ፣ በር የተቆለፈባት እህት ስትናገር «መውጫ አጣሁ» ትላለች። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአሠሪዎቿ ጋር የመጣችም ትኖራለች፣ እዚሁ የተቀጠረችም። «አይ ዋዝ ስታክ ኢን ዘ ሃውስ» ብንል እንግሊዝኛው የሚሰማው መሰልቸት ነው። ዝናብ ዘንቦ ከቤት ያልወጣ ሰውም «ስታክ» ነኝ ይላል። «ትራፕድ» ካልን ደግሞ ሌላ ሰው አስቀርቷታል ብለን ጨመርን ማለት ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን እሷ ገና አላለችውም። በ2000 የወጣው የሰዎች ዝውውር ሰለባዎች ሕግ በጉልበት ብዝበዛ ላይ የሚጠይቀው ኃይል፣ ማታለል ወይም ማስገደድ ነበረ ወይ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ማን ምን እንዳደረገ በራሷ አንደበት፣ በየተራው መውጣት አለበት። «አይ ሃድ ኖ ዌይ አውት» ቃሏን ሳይቀንስም ሳይጨምርም ይይዛል። ጠያቂው ለምን ሲላት በሩንም፣ ፓስፖርቱንም እሷው ትናገራለች። የእሷን ምስክርነት ማሳመር የረዳናት ይመስለናል፤ ኋላ ሁለት ቃለ መጠይቆች ሲነጻጸሩ ቃላቱ ሳይገጥሙ ቀርተው እሷ ውሸታም ትባላለች።

«ስታክ» እና «ትራፕድ» ምን ያህል እንደሚራራቁ ሁለት የስዊዝ ካናል ታሪኮች ያሳያሉ። በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የምትባለው 400 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ አፍንጫዋ አሸዋ ውስጥ ተሰንቅሮ ካናሉን ዘጋች። ለስድስት ቀን ዓለም ሁሉ የጻፈው «ስታክ» ብሎ ነው። መሄድ የነበረባት ነገር ቆመች፣ በቃ። በ1967ቱ የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ጊዜ ግን በዚያው ካናል ሲያልፉ የነበሩ 15 መርከቦች ሁለቱም ጫፍ ተዘግቶባቸው እስከ 1975 ቀሩ። የበረሃው አሸዋ ስላለበሳቸው «ቢጫው መርከብ ጓድ» ተባሉ። ለእነሱ «ትራፕድ» ነው የሚባለው። መርከቦቹ ተንሳፍፈዋል፣ ሞተራቸውም ደህና ነበረ፣ በሩን የዘጋባቸው ጦርነቱ ነው።

ሦስተኛም አለ፣ «ስትራንድድ»። ስሩ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ዳርቻ ላይ የቀረ መርከብ። ዛሬ የሚወስደው አጥቶ፣ ጥለውት ሄደው የቀረን ሰው ይገልጻል። ለዚህ ነው ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊሊያምስ የተባሉት የናሳ ጠፈርተኞች ቃሉን ያልተቀበሉት። በሰኔ 2024 ለስምንት ቀን ያህል ብለው ሄዱ፣ መንኮራኩራቸው እክል ገጥሟት ያለ እነሱ ተመለሰች፣ እነሱም የወረዱት በመጋቢት 2025 ነው። ጋዜጦች «ስትራንድድ» እያሉ ሲጽፉ፣ እነሱ አልተጣልንም፣ «ስታክ»ም አይደለንም ብለው ተከራከሩ። «ስትራንድድ» ከተባለ የጣላቸው አካል አለ፤ መሥሪያ ቤታቸው ተወቅሷል ማለት ነው። ባለ ሙያ ሰዎች ስለ ሥራቸው እንዲህ ቃል ሲመርጡ ማየት እወዳለሁ።

«ኢንታንግልድ» ወደ ሰው ግንኙነት ሲገባ «ዊዝ» ያስከትላል፤ ከአንድ ሰው ጋር በፍቅር ወይም በገንዘብ በማይበጅ መንገድ መቆራኘት ነው። በጥንቱ የእኛ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ለ«ኢንታንግልድ ዊዝ» ከዚህ የሚቀርብ አማርኛ አላውቅም። በፊዚክስ ለሚነገረውም፣ ሽሮዲንገር በ1935 ይህንን ስም ለሰጠው የሁለት ቅንጣቶች መቆራኘት፣ «ቁራኛ» ከ«ጥልፍልፍ» ይሻላል እላለሁ፤ እዚያ ምንም የተበላሸ ነገር የለምና። በፖለቲካ ግን ቃሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን በ1801 ሥልጣን ሲይዙ ከሁሉም ጋር ወዳጅነት፣ ከማንም ጋር ግን «ኢንታንግሊንግ አላያንስ» እንዳይኖር ተናገሩ። አባባሉን ብዙ ሰው ለዋሽንግተን ይሰጠዋል። ዋሽንግተን በ1796 የስንብት መልእክታቸው ያሉት ሰላማችንን በአውሮፓ ምኞት «ቶይልስ» ለምን እናጠላልፋለን የሚል ነው። «ቶይል» ዛሬ ልፋት ነው የሚመስለው፤ እዚያ ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ሌላ ቃል ሆኖ የአዳኝ መረብ ማለት ነው። ልፋት ብሎ የተረጎመ ሰው ዐረፍተ ነገሩን አበላሸው።

ለዜና የምትተረጉሙ ደግሞ «ኢምብሮይልድ» እና «ኢምፕሊኬትድ»ን አታምታቱ። «ኢምብሮይልድ» በውዝግብ መሐል መገኘት ነው፣ ጥፋተኛ አያደርግም። «ኢምፕሊኬትድ» ግን እጁ አለበት ወደሚለው ይጠጋል። በአማርኛ «ስሙ ተነሣ» እና «እጁ አለበት» የማይገናኙትን ያህል አይገናኙም። «ቦግድ ዳውን» እና «ማየርድ» ከጭቃ የመጡ ናቸው፤ «ከድጡ ወደ ማጡ» ለሚል ሕዝብ ማብራራት አያስፈልግም። «ኢምፒችመንት»ም ከሩቅ ስሩ የእግር ብረት ነው፣ ይህ ግን ለሥራችሁ አይጠቅምም፣ ስለሚደንቀኝ ነው።

የ911ን፣ የአደጋ ጊዜ ስልክን፣ ጥሪ ለማስተርጎም ለምትቀመጡ አንድ ነገር ላክል። ደዋዩ «ልጄ ሊፍት ውስጥ ቀረ» ቢል፣ በሩ ሳይከፈት መቆሙ ብቻ ከሆነ «ስታክ» ነው። እጁ በሩ ላይ ከተቀረቀረ «ሂዝ ሃንድ ኢዝ ኮውት» ነው። ከባድ ነገር ጭኖት መነሣት ካቃተው «ፒንድ» ነው። ጭስ ካለና መውጫው ከተዘጋ «ትራፕድ» ነው። ተቀባዩ ማንን በምን ፍጥነት እንደሚልክ የሚወስነው በሚሰማው ነገር ነው፤ ስለዚህ «ቀረ» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትገምቱ፣ ደዋዩ የሚለውን ሁሉ እስከ ጭሱና እስከ ጣቱ አስተላልፉ።

እመለስበታለሁ ያልሁት የ«ተያዝኩ» ጉዳይ ቀረ። ከአነጋገሩ ካልታወቀስ? በፍርድ ቤት ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ራሳችሁን በሦስተኛ ሰው ጠርታችሁ፣ አስተርጓሚው ከተናጋሪው ማብራሪያ ለመጠየቅ ፈቃድ ይለምናል ብላችሁ ለዳኛው ትናገራላችሁ። ሲፈቀድላችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ መልስ የማይጠቁም ይሁን። «ፖሊስ ነው የያዘዎት?» ብትሉ መልሱን አጉርሳችሁታል። «ተያዝኩ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» በሉት። የጠየቃችሁትንም የመለሰውንም ለዳኛው በእንግሊዝኛ አስታውቁ፤ ከዚያ ወደ ቦታችሁ ተመለሱ። ይህን ስታደርጉ ጠበቃው ሰዓቱን ሊያይ ይችላል። ያይ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ከሆስፒታል በኩል የመጣችሁ፣ ቀጥሉ።